የሕግ ትምህርት እውነተኛ ዋጋው ስንት ነው?

ባለፈው ሰሞን ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ስንጓዝ ሐይቅ ከተማ ላይ ቡና ለመጠጣት ወረድን። ከጎናችን ተቀምጠው የነበሩ አንድ የአምባሰል ገበሬ ከየት እንደ መጣንና ሥራችን ምን እንደ ሆነ ከጠየቁን በኋላ እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፥ እናንተ የተማራችሁ ናችሁና ንገሩኝ። ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፋ ሕግ ልማር ትላለች። አንዱ መንግሥት በነፃ ያስተምራታል ይለኛል፤ ሌላው ኋላ የሚከፈል ዕዳ አለበት ይለኛል። ዕዳው ስንት ነው? ወለድስ አለበት?»

እኛም በወሎ አነጋገር «አብሽሩ አባባ፥ ወለድ የለበትም፤ ዕዳው ገብስ ነው» ብለን መለስንላቸውና መንገዳችንን ቀጠልን። ነገር ግን መኪናው ሐይቅን ለቆ ወደ ውጫሌ ሲያቀና የሰጠነው መልስ ሕሊናችንን ይቆጠቁጠው ጀመር። ስለ ወለዱ የተናገርነው ልክ ነው። «ገብስ ነው» ያልነውን ግን ሳናሰላ ነው የተናገርነው። አንድ አባት በሬ ይሸጥ ወይም አይሸጥ እያለ በሚያወጣ በሚያወርድበት ጊዜ እንዲህ ያለ መልስ መስጠት ከተማረ ሰው አይጠበቅም። ስለዚህ ለኒያ አባት ያልሰጠናቸውን መልስ ዛሬ በዚህ ገጽ ለመስጠት ተነሥተናል፤ ጥያቄው የእሳቸው ብቻ እንዳልሆነም እናውቃለን።

ዋጋ የሌለው ትምህርት ኖሮ አያውቅም

ትምህርት በነፃ ይገኝ የነበረበት ዘመን ነበረ ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ከሐይቅ ባሕር ዳር ቆሞ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ይመልከት። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዚያ ገዳም ተቀምጠው ደቀ መዛሙርት ሲያስተምሩ ከተማሪ ገንዘብ የሚጠይቅ አልነበረም። ይሁን እንጂ የቆሎ ተማሪው ዋጋውን በእግሩና በሆዱ ይከፍል ነበር። ከአገሩ ርቆ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ይውላል። የቀረውን ዋጋ ደግሞ ከእንጀራዋ ቆርሳ የምትሰጠው ባለቤት ትከፍልለታለች። በወሎ መስጊዶች ዙሪያ ቁርኣንና ኪታብ ሲቀራ የኖረው ደረሳም ያደገው እንዲሁ በአገሬው እንጀራ ነው። ፍትሐ ነገሥትን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የተማሩት የቀድሞ ዳኞችም ከዚህ መንገድ የወጡ አልነበሩም።

ዘመናዊው የሕግ ትምህርት በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት የትምህርቱን ወጪ የሚችለው መንግሥት ነበር። ያም ቢሆን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ አውራጃ ወጥቶ አገሩን እንዲያገለግል ግዴታ ተጣለበት። ይህም ዋጋን በአገልግሎት መክፈል ማለት ነው።

ዛሬ ያለው ሥርዓት በ1995 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 የተመሠረተ ሲሆን፥ ስሙም «የወጪ መጋራት» ይባላል። በዚህ ደንብ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፥ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ ከመቶ አሥራ አምስቱን ይሸፍናል። ገንዘቡን ግን ትምህርት ላይ ሳለ አይከፍልም። ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ አሠሪው ከወር ገቢው ቢያንስ ከመቶ አሥሩን እየቆረጠ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስገባል። በመምህርነት ለሚያገለግሉት ዕዳቸውን በአገልግሎት የሚከፍሉበት መንገድ ተከፍቶላቸዋል፤ የሕግ ምሩቅ ግን እንደ ብዙዎቹ ሙያዎች በገንዘብ ከፋይ ነው።

ይህን ዓይነቱን አከፋፈል ለዓለም ያስተዋወቀችው በ1989 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጀመረችው አውስትራልያ ናት። መሠረቱ መልካም ነው፤ ገቢ የሌለው አይከፍልም፥ ገቢ ያለው በገቢው መጠን ይከፍላል። በአሜሪካ የሕግ ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ሦስት ዓመት ሕግ ሲማር ከመቶ ሺህ ዶላር የሚበልጥ፥ ወለድ የሚወልድ ዕዳ ተሸክሞ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። የኛው ተማሪ ከዚህ መዓት መዳኑን ማመስገን ይገባል። ነገር ግን ከመዓት መዳን ሒሳብን ካለማወቅ አያድንም።

አምስቱ መዝገቦች

በእኛ አስተያየት አንድ የሐይቅ ወይም የአምባሰል ቤተ ሰብ ልጁን ሕግ ሲያስተምር የሚያወጣው ወጪ በአምስት መዝገብ ይከፈላል። ከእነዚህ ውስጥ በጽሑፍ ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው። የቀሩት አራቱ የትም አልተጻፉም። ከዚህ በታች የምናቀርባቸው ቍጥሮች፥ ደንቡንና የታወቀውን ደመወዝ ከሚመለከቱት በቀር፥ ለምሳሌ ያህል የገመትናቸው መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እናሳስባለን። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በእኛ ቍጥር ፋንታ የራሱን አግብቶ ማስላት ይችላል፤ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው መዝገብ የውሉ ዕዳ ነው። የሕግ ትምህርት የሚፈጀው አምስት ዓመት ነው። ለአንድ ተማሪ ለቀን ምግብ የሚመደበው በጀት 22 ብር ሆኖ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ይህ ጭማሪ በኑሮ ውድነት ምክንያት የግድ የሆነ ነው፤ በ22 ብር ሦስት ጊዜ ጠግቦ የሚያድር ጎልማሳ የለምና። ሆኖም ተማሪው የምግቡን ሙሉ ወጪ ይችላል የሚለው ደንብ እንዳለ መሆኑን እናስታውስ። በዓመት 300 ቀን ቢታሰብ በ22 ብር ሒሳብ የአምስት ዓመት ምግብ 33,000 ብር ነበር፤ በ100 ብር ሒሳብ ግን 150,000 ብር ይሆናል። ለመኝታና ለትምህርቱ ድርሻ በአምስት ዓመት 30,000 ብር ብንጨምርበት ድምሩ 180,000 ብር ይመጣል። ታላቅ ወንድሟ «እኔ እኮ ትንሽ ነው የከፈልኩት» ቢላት ታናሽ እኅት በዚያ ቃል ተማምና አትፈርም፤ የእሱ ዘመን ሒሳብና የእሷ ዘመን ሒሳብ አንድ አይደለምና።

ሁለተኛው መዝገብ የእጅ ወጪ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪውን የሚመድበው በአገር አቀፍ ደረጃ ነው፤ ደሴ ወዳለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ዕድለኛ ነው፤ ጅግጅጋ ወይም ጋምቤላ የደረሰው ደግሞ ደርሶ ለመመለስ የብዙ ቀን መንገድ አለበት። በዓመት ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ፥ ለአንዱ ጉዞ 3,000 ብር ብንይዝ በአምስት ዓመት 30,000 ብር ነው። ለሳሙና፥ ለልብስ፥ ለስልክ፥ ካፌው ያልቻለውን ራት ለመሙላት በወር 1,500 ብር ቢላክ በዓመት ዐሥር ወር አድርገን 75,000 ብር ይሆናል። የሕግ ተማሪ ደግሞ ያለ ወረቀት አይማርም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ፥ የወንጀል ሕጉ፥ የሥነ ሥርዓት ሕጎቹ፥ የሰበር ውሳኔዎቹ ሁሉ ፎቶ ኮፒ ይፈልጋሉ፤ የመመረቂያ ጽሑፉም ኮምፒዩተር ይጠይቃል። ለዚህ ሁሉ 25,000 ብር ብንይዝ ሁለተኛው መዝገብ 130,000 ብር ላይ ይዘጋል። ይህ ገንዘብ ኋላ የሚከፈል አይደለም፤ አሁኑኑ ከበሬው፥ ከማሩ፥ ከማሽላው የሚወጣ ነው። መንግሥት በነፃ ያስተምራል የሚለው ሰው የዘነጋው ይህን መዝገብ ነው።

ሦስተኛው መዝገብ የቀረው ጉልበት ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ባይሄድ ኖሮ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም ነበር፤ አርሶም፥ ነግዶም፥ ባጃጅ ነድቶም፥ ሴቷም ብትሆን ሱቅ ተቀጥራ ለቤቱ አንድ ነገር ታስገባ ነበር። በወር 3,000 ብር ብቻ ቢያስገባ ብለን ብንገምት በስድሳ ወር 180,000 ብር ነው። ይህን ወጪ ማንም ከኪሱ ስለማያወጣው የሚያየው የለም፤ ነገር ግን የአባትየው ወገብ ያውቀዋል።

አራተኛው መዝገብ የመጠበቂያው ጊዜ ነው። ትምህርቱን የጨረሰ ሁሉ በነጋታው ደመወዝተኛ አይሆንም። የሕግ ተማሪዎች ከሌሎቹ ቀድመው የጀመሩት፥ በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም የትምህርት ዓይነት የተዳረሰው የመውጫ ፈተና አለ፤ እሱን ያላለፈ ዲግሪውን አይዝም። ካለፈም በኋላ ማስታወቂያ እየጠበቀ፥ ፈተና እየተፈተነ ጥቂት ጊዜ ይቀመጣል። አንድ ዓመት ብቻ ቢጠብቅ በዚያው በወር 3,000 ብር ሒሳባችን 36,000 ብር ነው።

አምስተኛው መዝገብ ከዲግሪው በኋላ የሚመጣው ወጪ ነው። ዲግሪ ያለው ሁሉ ጠበቃ አይባልም። ጥብቅና ለመቆም የሥራ ልምድና ፈተና ይጠየቃል፤ ፈቃድም ማውጣት ያስፈልጋል። ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ መሆን የሚፈልግም ውድድርና ሥልጠና ይጠብቀዋል። ለፈተናው ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ መመላለሻ፥ ለማስረጃ ማረጋገጫና ለመሳሰለው 10,000 ብር እንያዝ።

አምስቱን ስንደምር 180,000፥ 130,000፥ 180,000፥ 36,000 እና 10,000፤ ጠቅላላው 536,000 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊቀርብብን ይችላል፤ «ልጁ ቤቱም ቢቀመጥ ይበላ አልነበረምን?» የሚል። እውነት ነው። ስለዚህ በቀን 50 ብር ለቤቱ የተረፈ ምግብ ብለን በአምስት ዓመት 75,000 ብር እንቀንስ። የቀረው 461,000 ብር ነው።

እንግዲህ አንባቢ ይመልከት። በውሉ ላይ የተጻፈው 180,000 ብር ከጠቅላላው ከመቶ አርባ አይሞላም። የቀረው ከመቶ ስድሳ የሚበልጠው 281,000 ብር ማንም ያልፈረመበት፥ ማንም ደረሰኝ ያልቈረጠለት፥ ሁሉም በቤተ ሰቡ ትከሻ ላይ ያረፈ ነው። ኒያ አባት የጠየቁን ስለ ትንሹ ዕዳ ነበር፤ ሊጠይቁ ይገባ የነበረው ግን ስለ ትልቁ ነው።

ታዲያ ይከፍላል ወይ?

ይህን ሁሉ ማለታችን ልጅ አይማር ለማለት አይደለም። ሸክሙ የሚታወቀው ከትርፉ ጋር ሲመዘን ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር ጀማሪ 11,500 ብር ያገኛል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ከዚህ 2,100 ብር ለግብር፥ ከመቶ ሰባቱ ማለትም 805 ብር ለጡረታ ይቈረጣል። ለወጪ መጋራት ከመቶ አሥሩ 1,150 ብር ሲነሣ በእጁ የሚደርሰው 7,445 ብር ነው። የ180,000 ብሩ ዕዳ በዚህ መጠን ሲከፈል ዐሥራ ሦስት ዓመት ይፈጃል። በእርግጥ ደመወዝ ሲያድግ የሚቈረጠውም ያድጋልና ጊዜው ያጥራል። ወለድ ስለሌለበትም የብሩ አቅም በቀነሰ ቍጥር ዕዳው እየቀለለ ይሄዳል፤ ይህ ለባለ ዕዳው የሚጠቅም ነገር ነው።

አሁን ከዩኒቨርሲቲ ያልገባው ጓደኛው በወር ከሚያገኘው 3,000 ብር ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ በወር 4,445 ብር፥ በዓመት 53,340 ብር ይሆናል። በቤተ ሰቡ ትከሻ ላይ ያረፈው 281,000 ብር በዚህ ልዩነት የሚመለሰው ሥራ ከያዘ ከአምስት ዓመት ከጥቂት ወር በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ትርፍ ነው። ከገንዘብም በላይ፥ በድንበር ክርክርና በውርስ ጠብ ለምትታመስ ቀበሌ ሕግ የሚያውቅ አንድ ልጅ ማግኘት በብር የማይተመን ጥቅም አለው። ስለዚህ ለኒያ አባት የመጀመሪያው እውነተኛ መልስ፥ «አዎን፥ ይከፍላል» የሚል ነው።

ነገር ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ አንድ ስስ ክር አለ፤ እሱም ጊዜ ነው። ምሩቁ አንድ ዓመት በመጠበቅ ፋንታ ሦስት ዓመት ቢጠብቅ 72,000 ብር ይጨመርና መመለሻው ከአምስት ዓመት ወደ ስድስት ዓመት ተኩል ይሸሻል፤ ያውም የልጁ ምሬት ሳይቈጠር ነው። የወሎ ልጅ ደግሞ ጊዜ በከንቱ እንዴት እንደሚባክን ከማንም ይልቅ አይቷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ሲደርስባት ትምህርት ተቋረጠ፥ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፎ ተጎዳ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በደረሰው የጸጥታ ችግርም ብዙ ትምህርት ቤቶች ደጃቸውን ዘግተው ቆይተዋል። አንድ ዓመት በተዘጋ ቍጥር የሚጨመረው ወጪ በውሉ ላይ አይታይም፤ በሦስተኛው መዝገብ ላይ ግን 36,000 ብር ሆኖ ይጻፋል። ከዚህ ሌላ የመግቢያውን ነጥብ ያላገኘና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በተጀመረው የማካካሻ ትምህርት የሚያልፍ ተማሪ አምስቱ ዓመት ስድስት ይሆኑበታል። ሰላም ለትምህርት ያለው ጥቅም በንግግር ብቻ የሚነገር አይደለም፤ እንዲህ በብር ሊቈጠር የሚችል ነገር ነው።

የሚያልፈውም ጥቂት ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ተኩል አይሞሉም ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ከመቶ ስምንት ጥቂት አልፈዋል። ከስንት መቶ ልጅ አንድ የተመረጠውን በመንገድ ገንዘብ ማጣት ከዩኒቨርሲቲ በር መመለስ ለቤተ ሰቡም ለአገሩም ኪሣራ ነው።

የውጫሌ ትምህርት

በአምባሰል ወረዳ ስለ ውል ሲነገር ውጫሌን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው ውል አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው አንድ፥ በኢጣልያንኛው ሌላ ሆኖ ተገኘ። አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላለው ጉዳይ ቢፈልግ በኢጣልያ መንግሥት ሊረዳ ይችላል ሲል፥ ኢጣልያንኛው ግዴታ አድርጎ ጻፈው። ከዚያች ቃል የተነሣው ጠብ እስከ ዓድዋ ደረሰ። የተማሪው ውል ከዚህ ጋር የሚወዳደር ነገር አይደለም። የፈረሙትን ወረቀት አንብቦ ማወቅ ግን ለመንግሥትም ለተማሪም እኩል የሚያስፈልግ መሆኑን ውጫሌ ታስተምረናለች።

እኛ ራሳችን ይህን የወጪ መጋራት ውል የፈረምነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በመመዝገቢያው ሰልፍ ላይ ቆመን፥ ከኋላችን ያለው እየገፋን፥ «እዚህ ጋ ፈርሙ» ስንባል ፈረምን። ከመካከላችን ያነበበው አልነበረም፤ የዕዳችንን ልክ ያወቅነው ስንመረቅ ነው። ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ ወረፋ ስንይዝ የወጪ መጋራቱን ጉዳይ መጀመሪያ ጨርሱ ተባልን፤ ያን ጊዜ ቍጥሩን አይተን ደነገጥን። ጥፋቱን በሌላ ላይ ለማላከክ አይደለም፤ በተለይ ሕግ ልማር ብሎ የሄደ ሰው የመጀመሪያውን ውል ሳያነብ መፈረሙ የሚያሳፍር ነው። ቢሆንም አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ከመንደሩ ወጥቶ በመጀመሪያው ቀን የሚፈርመውን ውል እንዲረዳው የማድረግ ኀላፊነት በልጁ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም።

ምን ይደረግ?

በበኩላችን አራት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፥ ዩኒቨርሲቲዎች ለእያንዳንዱ ተማሪ በየዓመቱ መጨረሻ የዕዳውን ልክ በአንድ ወረቀት ይስጡት። የዚህ ዓመት ምግብ ይህን ያህል፥ መኝታ ይህን ያህል፥ የትምህርት ድርሻ ይህን ያህል፥ እስከ ዛሬ የተጠራቀመው ይህን ያህል የሚል አንድ ገጽ ብቻ ይበቃል። ባንክ ለአንድ ሺህ ብር ደብተር ይሰጣል፤ ለመቶ ሰማንያ ሺህ ብር አንድ ወረቀት አይከለከልም።

ሁለተኛ፥ የውሉ ቅጽ ተማሪው ከመንደሩ ሳይወጣ ይድረሰው። ፈተናውን ያለፉት ልጆች ዝርዝር ሲታወቅ በሐይቅና በውጫሌ ያሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወላጆችን ጠርተው ቅጹን በግልጽ አማርኛ ቢያነቡላቸው ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። አባት የማያውቀውን ዕዳ ልጅ ብቻውን ተሸክሞ እንዳይኖር ይህ ይረዳል። ወለድ አለበት ብሎ በሃይማኖቱ ምክንያት ልጁን የሚያስቀር ሰው ቢኖርም እውነቱን በጊዜ ያውቃል።

ሦስተኛ፥ ዕድሩና ዕቁቡ ይነሡ። የወሎ ሰው የቆሎ ተማሪውንና ደረሳውን ሲመግብ የኖረ ነው። ዛሬ ተማሪው በየደጁ አይለምንም፤ የሚያስፈልገው ግን ያው ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት የመንገድ ገንዘብ፥ አንድ ብርድ ልብስ፥ የፎቶ ኮፒ ዋጋ። በየቀበሌው ላለፉት ጥቂት ልጆች ከዕድሩ ሣጥን በየዓመቱ ትንሽ ቢመደብ ሁለተኛው መዝገብ በአንድ ቤት ላይ ብቻ አይወድቅም።

አራተኛ፥ የሕግ ምሩቃን ራሳቸው የመጀመሪያው ደመወዝ ከደረሳቸው ቀን ጀምሮ የሚቈረጥባቸውን ይከታተሉ፤ የተከፈለበትን ማስረጃ በየወሩ ያስቀምጡ። መሥሪያ ቤት ሲቀይሩ የተከፈለው ዕዳ እንዳልተከፈለ ሆኖ እንዳይገኝ ወረቀቱ ብቻ ነው የሚመሰክርላቸው።

ከዚህ ሌላ ወደ ፊት የሚመጣውን ማሰብ ይገባል። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ሌሎችም በዚሁ መንገድ እንዲከተሉ ታስቧል። ራስ ገዝ የሆነ ተቋም ገቢውን ራሱ መፈለጉ አይቀርም፤ የሚፈልግበትም አንዱ በር ተማሪው ነው። እንግዲህ ዛሬ ሒሳቡን ማስላት ያልለመደ ቤተ ሰብ ነገ ወጪው ከፍ ሲል ግራ ይጋባል። ችግሩ የሚጠናው ደግሞ ሀብታም ለሆነው ሳይሆን ከአምባሰል ገደል ሥር አንድ በሬ ይዞ ለተቀመጠው ነው። የሕግ ትምህርት የሚችለው ብቻ የሚገባበት ከሆነ ነገ በዳኝነት ወንበር የሚቀመጠው የሚችለው ሰው ልጅ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ድሀው ከፍርድ ቤት ሲገባ ቋንቋውን የሚያውቅ ዳኛ ያጣል።

ለኒያ አባት የምንልከው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፤ «አባባ፥ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ዕዳው ገብስ አይደለም። በወረቀት የሚፈርሙት አንድ እጅ፥ ሳይፈርሙ የሚከፍሉት አንድ እጅ ተኩል ነው። ወለድ የለበትም፤ ልጅዎ ሥራ ካልያዘችም ማንም በዚያ ውል ከሞሰብዎ አይወስድም። ሥራ በያዘች በአምስት በስድስት ዓመት የለፉበት ይመለሳል። በሬውን ከመሸጥዎ በፊት ግን አምስቱን መዝገብ ከልጅዎ ጋር ተቀምጠው ያስሉ፤ ውሉንም እሷ ታንብብልዎ። ከዚያ በኋላ ይላኳት።»

እኒያ አባት ይህን ጋዜጣ ላያገኙት ይችላሉ። ሐይቅ ወይም ውጫሌ ያለ አንባቢያችን ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ የያዘ ጎረቤት አያጣም። ይህን ሒሳብ ያንብብለት፤ ቍጥራችን ከእሱ ቤት ጋር ካልገጠመ ሠርዞ የራሱን ይጻፍበት።